የብድር መዝገባችንን እኛም እንየው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባንኮች የተበላሸ ብድር በዛብን እያሉ ስሞታ ሲያሰሙ በጋዜጣችሁ ላይ ደጋግሜ አነባለሁ። ስሞታው ሐሰት ነው አልልም። ነገር ግን ከተበላሹት ብድሮች ውስጥ ስንቱን ተበዳሪው፣ ስንቱን ደግሞ ጽሕፈቱ እንዳበላሸው የሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔ ደሴ ውስጥ የነጋዴ ሒሳብ በመያዝ የምተዳደር ሴት ነኝ። ደንበኞቼ ደሴና ኮምቦልቻ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ፣ ሐይቅና ውጫሌ ወፍጮ ያላቸው፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ወርደው ከብት የሚገዙ ሰዎች ናቸው። ከእነሱ ጋር በየባንኩ ስመላለስ የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ስለ እኛ የተጻፈውን የብድር መዝገብ አበዳሪው ሁሉ እንደሚያነበው፣ ሳያነበው የሚቀረው ባለቤቱ ብቻ መሆኑን ነው።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ባንክ ብድር ሲሰጥ የተበዳሪውን ማንነት፣ የወሰደውን ገንዘብ፣ የቀረበትንና አከፋፈሉን ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ያሳውቃል። ያ ሰው ነገ ሌላ ባንክ ሄዶ ብድር ቢጠይቅ፣ የብድር ሠራተኛው በመጀመሪያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን አስገብቶ ይህን መዝገብ ያወጣል። መክፈያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር «የተበላሸ» ይባላል። አንድ ጊዜ ይህ ቃል ከስምዎ ጎን ከተቀመጠ የንግድ ፈቃድዎም፣ የቤት ካርታዎም፣ ለሃያ ዓመት ያካበቱት መልካም ስምም ከጠረጴዛው ወዲህ ይቀራል።

ከደንበኞቼ አንዱ ሐጂ ናቸው። ወለድ ያለበት ብር በእጃቸው ገብቶ አያውቅም፤ እዚህ የደረሱት በራሳቸው ገንዘብና በዕቁብ ነግደው ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት፣ በሙራባሐ፣ አይሱዙ የጭነት መኪና ሊገዙ አሰቡ። ባንኩ መኪናውን ገዝቶ፣ የታወቀ ትርፍ ጨምሮ፣ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላቸዋል ማለት ነው። ሰነዱን ያሰናዳሁት እኔ ስለነበርኩ አብሬያቸው ሄድኩ። የብድር ሠራተኛው ትሑት ልጅ ነው፤ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ቁጥሩን መትቶ ጥቂት ዝም አለና ስክሪኑን ወደ ራሱ ይበልጥ አዞረው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ስምዎ ተበላሽቶ ነው የሚታየው።»

«ማን አበላሸው ልጄ?»

«ያልተከፈለ ብድር አለብዎት ይላል። ከዓመት በላይ ያለፈው ነው።»

የት ነው የተበደርኩት ብለው ቢጠይቁት የአንድ ሩቅ ከተማ ስም ጠራ። ሐጂ ያንን ከተማ የሚያውቁት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ወረቀቱን አትምልን አልኩት፤ ለደንበኛ መስጠት አልተፈቀደልኝም አለኝ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ ስለ ሐጂ የተጻፈውን ሐሰት በመቶ የሚቆጠሩ የብድር ሠራተኞች ማየት ይችላሉ፤ ሐጂ ግን እፊታቸው ያለውን ስክሪን ዞረው እንዲያዩ አይፈቀድላቸውም።

ነገሩ ሲጣራ ለካ ሌላ ተበዳሪ አለ፤ ስሙ ከሐጂ ስም ጋር እስከ አያት ድረስ አንድ ነው። ይህ በወሎ ብርቅ አይደለም። ሰይድን፣ አሊን፣ መሐመድን፣ አሕመድን፣ ይማምንና ሁሴንን በሦስት በሦስት ብታገጣጥሟቸው ከአንድ ቀበሌ እንኳ ሞክሼ አይጠፋም። በዚህ ላይ ባንክ ስም የሚጽፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ፣ መሐመድ የሚለውን አንዱ ጸሐፊ በአንድ መልክ፣ ሌላው በሌላ መልክ ይጽፈዋል። አንዱ ሰው ሁለት፣ ሁለቱም አንድ ይሆናሉ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ አሥር አኃዝ ነው፤ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ይህን መሰሉን መደበላለቅ ማስቀረት የሚገባውም እሱ ነበር። ቁጥሩን የሚያስገባው ግን ሰው ነው። ሐጂ ለሞክሼያቸው ባበደረው ባንክ የቁጠባ ሒሳብ ስለነበራቸው፣ የሩቁ ቅርንጫፍ ሠራተኛ ተበዳሪውን በስሙ ፈልጎ፣ ከመጡለት ሞክሼዎች መካከል የሐጂን ቁጥር መርጦ በሰውየው ብድር ላይ ለጥፎታል። ተበዳሪው መክፈል ሲያቆም የተበላሸው የሐጂ ስም ሆነ።

ስህተቱን ካወቅን በኋላ ያለው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። መኪናውን የምንጠይቀው ባንክ «እኛ አልመዘገብነው፣ እኛ አናርመውም» አለን። እውነቱን ነው፤ ማዕከሉ የሚይዘው ከባንኮች የተላከለትን ነው፤ የሚያስተካክለውም የላከው ራሱ ነው። የላከው ባንክ የደሴ ቅርንጫፍ ደግሞ ብድሩን የሰጠው ሌላ ቅርንጫፍ ነው ብሎ ወደዚያ መራን። እዚያ በስልክ የሚያናግረን ጠፋ፤ ያነሣልን ሰውም በአካል ይምጡ አለን። የሐጂን መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ ምስክር ወረቀትና የንግድ ፈቃድ አያይዤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ይህ ሁሉ ሲሆን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ ብር ወረደ፣ የመኪና ዋጋ ሽቅብ ወጣ። ሻጩም ቀብዳቸውን መለሰላቸው። መዝገቡ በመጨረሻ ተስተካክሏል፤ ይቅርታ የሚል ደብዳቤ ግን እስከ ዛሬ አልደረሳቸውም። ሐጂ ያሉኝን አልረሳውም፦ «ሰው ያልበላሁትን ዕዳ አለብህ ቢለኝ ሽማግሌ ቆጥሬ እሟገተው ነበር። ኮምፒውተር ሲለኝ ማንን ልያዝ?»

ጊዜውም ክፉ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮችን ዓመታዊ የብድር ዕድገት በ14 በመቶ ገድቦ ስለነበር ገንዘቡ ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ነበር። ጣሪያው በኋላ ከፍ ብሏል፤ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ባንክ ብድር ጠያቂ የሚቀንስበት ሰበብ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ መዝገብ ነው። አጣርቶ የሚጨነቅልህ የለም፤ ከኋላህ ሌላ ሰው ተሰልፏልና።

የሐጂ ጉዳይ ግን ዓይን ያወጣ ስህተት ነው፤ ማንም ሲሰማው ያዝናል። እኔን ይበልጥ የሚያበግነኝ ጥቃቅኑ ነው። ሐይቅ ወፍጮ ያላት ደንበኛዬ ከዋናው ብድሯ 48,000 ብር ብቻ ቀርቷት ነበር፤ ወለዱ በዓመት 16 በመቶ ነው። ጠቅልላ ልትዘጋው አስባ አርብ ከሰዓት ወደ ቅርንጫፉ ደወለች፤ እስከዚያ ቀን ያለውን ወለድ ደምረው ይህን ያህል ነው አሏት። ብሩን ሰኞ ጠዋት አስገባች። ሰኞ ላይ ደግሞ የሦስት ቀን ወለድ ተጨምሯል። አስሉት፤ የ48,000 ብር የዓመት ወለድ 7,680 ብር ነው፤ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 21 ብር ከ04 ሳንቲም፤ በሦስት ቀን 63 ብር ከ12 ሳንቲም። ገንዘብ ተቀባዩ ይህን አልነገራትም፤ ምናልባት እሱም አላየውም። የቤቷን ካርታ ለሚቀጥለው ብድር ስለምታስይዘው እዚያው ይቀመጥ ብላ ስላልጠየቀች፣ ብድሩ አለመዘጋቱን የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። ኮምፒውተሩ ግን 63 ብሩን ይዞ ቀን መቁጠር ጀመረ። አንድ መልእክት በስልኳ የላከላት፣ አንድ ሰው የደወለላት የለም። በጥር፣ እህል በሚገባበት ሰሞን፣ ለሥራ ማስኬጃ ልትበደር ብትሄድ ስሟ ተበላሽቶ ቆያት። «እታለም፣ በስልሳ ሦስት ብር ከዳተኛ ተባልኩ እኮ!» ብላ ስትደውልልኝ ሳቋም ልቅሶዋም አንድ ላይ ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያ እንዲህ ዓይነቱ ነገር አስመርሯት እ.ኤ.አ. በ2020 ከ1,000 ሽልንግ በታች የሆነ ዕዳ ለብድር መረጃ ተቋማት እንዳይላክ ደንብ አውጥታ ከልክላለች። እዚያ ማንኛውም ሰው በዓመት አንድ ጊዜ መዝገቡን በነፃ የማግኘት መብትም አለው። ብሔራዊ ባንካችን እንዲህ ያለ ወለል ቢያበጅ ማን ይጎዳል? ስልሳ ሦስት ብር የሰው ጠባይ አይመዝንም። የምትመዝነው ነገር ካለ ሒሳቡን የዘጋው ሠራተኛ ሥራውን በቅጡ መሥራት አለመሥራቱን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስለሆነው ብዙ አልልም፤ ያየ ያውቀዋል። ባንኮች ተዘግተው፣ ተዘርፈው፣ ነጋዴው ሱቁን ጥሎ በተሰደደበት ወቅት የመክፈያ ቀን አላለፈህም ወይ ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር። ከዚያ በኋላ ከባንኩ ተስማምቶ መክፈያው የተራዘመለት ሰው፣ የማራዘሚያው ስምምነት በወረቀት ብቻ ተፈርሞ ቀርቶ እንደሆነ ወይም መዝገቡ ውስጥም ገብቶ እንደሆነ ዛሬም ቢሆን ይጠይቅ። አንድ ሁለት ሰው ላይ ወረቀቱ ሌላ፣ ኮምፒውተሩ ሌላ ሲናገር አይቻለሁ።

በዕቁብ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም። ጸሐፊው ደብተሩን ገልጦ ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረበት በአባላቱ ፊት ያነባል። የተሳሳተ ከሆነ ባለቤቱ እዚያው «ኧረ ባለፈው እሑድ ሰጥቼሃለሁ» ይላል፤ አጠገቡ የተቀመጠው ይመሰክራል፤ ይታረማል። ደብተሩን እውነተኛ ያደረገው የጸሐፊው ትምህርት አይደለም፤ በሚጻፍበት ሰው ፊት መነበቡ ነው።

ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት አልገረማትም። እዚያ ቤት ለመከራየት እንኳ «ክሬዲት» ይታያል። ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ድርጅቶች የእያንዳንዱን ሰው መዝገብ ይይዛሉ፤ ሰዉ የሦስቱንም በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይችላል። ስህተት አለ ብሎ ካመለከተ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መልስ ሊሰጡት ግድ ነው፤ ይህን የሚያዝዘው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። ያም ሆኖ የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ከአምስት ሰው አንዱ ከሦስቱ መዝገቦች ቢያንስ በአንዱ ላይ ስህተት ተገኝቶበታል። እህቴ በየጊዜው የምታየው ስለምትጠራጠር አይደለም፤ የስልክ ሒሳብ እንደመክፈል ልማድ ስለሆነባት ነው። ሁሉም ሰው ማየት በሚችልበት አገር ከአምስት አንዱ ከተሳሳተ፣ ማንም በማያይበት አገር ስንቱ ይሆን? መገመቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

በእኛም አገር ቢሆን ባዶ እጃችንን አይደለንም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየት፣ የተሳሳተውንም የማሳረም መብት ሰጥቶታል። የብድር መዝገብ የግል መረጃ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ስለዚህ «አልተፈቀደልኝም» የሚል ሠራተኛ ሲገጥማችሁ አትቆጡት፤ መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁት። ያን ጊዜ ብዙውን ጊዜ ወደ ሥራ አስኪያጁ ገብቶ ይመለሳል።

እኔ ደንበኞቼን አሁን ያስለመድኳቸው በየዓመቱ በሐምሌ፣ በግብር ሰሞን፣ ሰነዱ ሁሉ ከመሳቢያ ወጥቶ ሳለ፣ የሚበደሩም የማይበደሩም ባንካቸው ሄደው መዝገባቸውን እንዲጠይቁ ነው። ብድር የሚያስፈልግበት ቀን መጠየቅ ዘግይቷል፤ ያን ቀን ሻጩም ገበያውም አይጠብቅም። መዝገቡ ሲገኝ ስሙን እስከ አያት፣ የግብር ከፋይ ቁጥሩን ደግሞ አኃዝ በአኃዝ ከምስክር ወረቀቱ ጋር እያስተያዩ ማንበብ ነው። የማያውቁት ብድር አለ? ከፍለው የጨረሱት ብድር «የተዘጋ» ይላል ወይስ ትንሽ ቀሪ ይዞ ተንጠልጥሏል? ዋስ የሆነ ሰውም ዋስ የሆነለት ብድር መዘጋቱን ይጠይቅ፤ ይህ እኛ አገር በይሉኝታ የሚታለፍ ነገር ነው፤ የጎረቤትን ዕዳ መጠየቅ ሰውየውን አለማመን ይመስላል። ከወለድ ነፃ የወሰደም ሰው እኔን አይመለከተኝም አይበል፤ የሙራባሐ ክፍያም ቀን አለው፣ ቀኑም ይመዘገባል። ብድር የዘጋ ሰው ደግሞ የሒሳቡን መዘጋት የሚገልጽ ደብዳቤና ካርታው ላይ ያለውን እገዳ የሚያነሣውን ደብዳቤ ሳይቀበል ከባንኩ አይውጣ።

«አንድ ሰው አለኝ፣ ስምህን ያጸዳልሃል» የሚል ደላላ ከመጣ አስወጡት። የእውነት ዕዳ ያለበት ሰውም በዚህ ደብዳቤዬ ጥላ ሥር አይጠለል፤ የበላውን ይክፈል። እኔ የምከራከረው ላልበላው ነው።

ለባንኮች ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። ብድር በተዘጋ ቁጥር ለማዕከሉ የላካችሁትን መረጃ አንድ ግልባጭ አትማችሁ ለተበዳሪው ስጡ። አንድ ወረቀት ነው። ስም ከማበላሸታችሁ በፊትም ደውሉ፤ አዲስ አገልግሎት ሲኖራችሁ በየቀኑ መልእክት የምትልኩልን በዚሁ ስልክ አይደል? ለብሔራዊ ባንክ ደግሞ፣ የላከው ባንክ ስህተቱን እስኪያርም ድረስ «አቤቱታ የቀረበበት» የሚል ምልክት ከመዝገቡ ጎን እንዲቀመጥ ቢያዝዝ፣ ቢያንስ የሚቀጥለው የብድር ሠራተኛ ጥቂት ያመነታል።

ደብዳቤ መጻፍ ለሚቸግረው ሰው፣ እኔ ለደንበኞቼ የምጽፈው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ ገልብጦ ይጠቀምበት። «በስሜና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬ ለብድር መረጃ ማዕከል የላካችሁት መረጃ ግልባጭ እንዲሰጠኝ፣ የማልቀበለው ነገር ካለም እንዲታረምልኝና የታረመበት ቀን በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።» ከዚህ በታች ስም፣ ቁጥር፣ ፊርማና ቀን። ሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለባንኩ መዝገብ ቤት ይገባል፣ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ማህተም አስመትቶ ይዞ መመለስ ነው። ማህተም አንመታም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት መላክ ይቻላል፤ የፖስታ ቤቱም ደረሰኝ ቀን አለው።

ከአክብሮት ጋር
የነጋዴዎች ሒሳብ ያዥ፣ ከደሴ